ድንኳኑ የወጣበት እሑድ

የእድራችን ድንኳን የሚቀመጠው እኛ ቤት ነው። ከጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ ከትልልቆቹ ድስቶችና ከአግዳሚ ወንበሮቹ ጋር። ባለቤቴ የእድሩ ንብረት ያዥ ከሆነ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በዚህ ምክንያት እኔም በሰፈሩ ሰው ሲሞት ከጡሩምባ ነፊው ቀጥዬ የምሰማ ሰው ሆኛለሁ። በር ይንኳኳል፣ "ድንኳኑን" ይሉኛል፣ እኔ ገና "ማን?" ሳልል ልቅሶዬን እጀምራለሁ። እንደኔ ያለ ፈሪ እንዲህ ያለውን ዕቃ ቤቱ ማስቀመጥ አልነበረበትም።

ፈሪ መሆኔን አልደብቅም። ባጃጅ የምሳፈረው ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ነጎድጓድ ሲመጣ መስታወቱን በነጠላ እሸፍናለሁ። ልጄ ደግሞ አንድ ናት፣ ያውም በስለት የተገኘች። ትንሽ ሳለች ወጥታ እንዳትወድቅ ብዬ ጓሮ የነበረውን የኮክ ዛፍ አስቆርጬዋለሁ፤ ባለቤቴ ኮክ ባየ ቁጥር እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።

ይህችው ልጅ ናት እንግዲህ ራግቢ ተጫዋች የሆነችው።

የስፖርት መምህሯ አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዶ ሲመለስ አንዲት ኳስ ይዞ መጣ። ኳስ አልኳት እንጂ እንቁላል ናት፤ ሁለት ጫፍ ያላት፣ መሬት ስትነካ ወዴት እንደምትዘል የማትታወቅ። ልጄ በመጀመሪያው ቀን ስትገባ ጭቃው ጆሮዋ ድረስ ወጥቷል፣ ጉልበቷ ተልጧል፣ ትስቃለች።

"ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"ጣሉኝ።"

"ማን ነው የጣለሽ?"

"ጓደኞቼ። እኔም ጥያቸዋለሁ።"

"በምን ተጋጫችሁ?"

"ኧረ እማ! ጨዋታው እንዲያ ነው።"

በማግሥቱ ጉልቴን ትቼ፣ ነጠላዬን አደግድጌ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቃሪያና ሽንኩርት የምሸጥ ሴት ነኝ፤ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ መምህር ፊት መቆም ሌላ ጊዜ ያሸብረኛል። ያን ቀን ግን ንዴቱ ፍርሃቱን በለጠው።

"እትዬ፣ ይቀመጡ" አለኝ።

"አልቀመጥም። ልጄን የላክኋት እንድትማር ነው፣ እንድትሰባበር አይደለም።"

መምህሩ ወጣት ነው፣ ትዕግሥቱ ግን የሽማግሌ። ወንበሩን ጠርጎ አስቀመጠኝና ነገሩን ከሥሩ ጀመረልኝ። ዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ራግቢ አለ አለኝ፤ አንዱ ባለ አሥራ አምስት ተጫዋች፣ አንዱ ባለ አሥራ ሦስት። የኛ ባለ አሥራ ሦስቱ ነው፣ ራግቢ ሊግ ይሉታል።

"ለምን ተለያዩ?" አልኩት።

"ተጣልተው ነው። እንግሊዝ አገር ከፋብሪካና ከከሰል ጉድጓድ የሚመጡ ተጫዋቾች ነበሩ። ለጨዋታ ሲሉ ከሥራ የቀሩበት ቀን ደመወዛቸው ይቀራል። ያንን ተኩልን ሲሉ ሌሎቹ እምቢ አሉ። ተለይተው ወጡና የራሳቸውን አቆሙ።"

ጉልት ያልወጣሁበት ቀን እንዴት እንደሚመሽ አውቀዋለሁና እነዚያን ሰዎች ሳላያቸው ወደድኳቸው። ፊቴ ሲፈታ አየ መሰለኝ ቀጠለልኝ። ጨዋታው ከዚያ ተነሥቶ ባሕር እየተሻገረ አውስትራሊያ ገባ፣ ኒው ዚላንድ ገባ፣ ፈረንሳይ ገባ፤ ፓፑዋ ኒው ጊኒ በሚሉት አገር ደግሞ ሕዝቡ አብዶለታል አለኝ። የዚያችን አገር ስም ለመያዝ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። አሁን ደግሞ አፍሪካ ውስጥ እየገባ ነው አለ። ግን አገር ሁሉ ገና ሲገባ እኩል አይሆንም፤ መጀመሪያ ታዛቢ ነው፣ ቀጥሎ ተባባሪ፣ ሙሉ አባል የሚሆነው በመጨረሻ ነው።

"እንደ ድቁናና እንደ ቅስና በለኛ" አልኩት።

ሳቀ። "ልክ ነዎት እትዬ። እኛ ገና ፊደል የምንቆጥር ነን።"

"ማዕረጉ ከፍ የሚለው በምንድን ነው?"

"በየከተማው ቡድን ሲኖር። ውድድሩ በየዓመቱ ሳይቋረጥ ሲካሄድ። ሴቶችና ታዳጊዎች ሲጫወቱ። መተዳደሪያ ደንብ፣ መዝገብ፣ የሠለጠነ ዳኛ ሲኖር። ከዚያ ከጎረቤት አገር ጋር መጋጠም ነው። ብቻውን የሮጠ አሸነፈ አይባልም።"

"ደንብ፣ መዝገብ፣ አባል … ይኼማ እድር ነው።"

"እድር ነው እትዬ፤ የዓለም እድር።"

"እድር ደግሞ ለሞት ነው" አልኩትና ተነሣሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን የመጣሁበትን ነገር፣ ልጄን ከጨዋታው አውጣልኝ የሚለውን፣ ሳልናገረው መቅረቴ ትዝ አለኝ።

በዚያው ሁለት ዓመት አለፈ። ነገሩ እንደ ጎመን ዘር ነው፣ ሳያዩት ይበቅላል። የጎረቤታችን የደብረ ኤልያስ ልጆች ቡድን አቋቋሙ፣ ቀጥሎ የይጁቤ። የባሕር ዛፍ አጣና ተተክሎ ጎል ሆነ። መስመሩ የሚሰመረው በአመድ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄ የሰፈሩን ምድጃ እየዞረች አመድ ትለምናለች። ጎረቤቶቼ "የአመድ ሙሽራ መጣች" ይሏታል። ባለቤቴ አንድ ጨዋታ አያመልጠውም። እኔ ግን አንድ ቀን ሄጄ አላየሁም። ተጫውታ ስትገባ እጇን፣ እግሯን፣ ጥርሷን እቆጥራለሁ፣ ሞልቶ ሲገኝ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፣ በቃ።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር። የሴቶች ቡድን ከኬንያ ተነሥቶ እኛ ከተማ ድረስ መጥቶ ከልጆቻችን ጋር ሊጋጠም ነው ተባለ። ከኛዎቹ የተመረጡት ደግሞ ቀጥሎ ናይሮቢ ሄደው ከጎረቤት አገሮች ጋር ይወዳደራሉ። ልጄ ተመርጣለች። ዕድሜዋ ግን አሥራ ሰባት ነው፤ አሥራ ስምንት ያልሞላት ልጅ ወላጆቿ ካልፈረሙላት ስሟ አይላክም።

ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር አለ፣ አንዱ ለአባት፣ አንዱ ለእናት። ባለቤቴ ሳይቀመጥ ፈረመ። እኔ ወረቀቱን አጣጥፌ ከክት ነጠላዬ ሥር፣ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ከአዲስ አበባ የምትመጣው የራግቢ ማኅበሩ ሴት በጨዋታው ቀን ወረቀቶቹን ሰብስባ ትሄዳለች፤ በማግሥቱ ዝርዝሩ ይዘጋል። ያ ቀን ዝም ብሎ ቢያልፍልኝ አልኩ። እምቢ ማለትም እሺ ማለትም እኩል ያስፈሩኝ ነበር።

ልጄ አልጮኸችብኝም። ጸጉሯን እየሠራኋት፣ ከፊቴ ቁጭ እንዳለች ነው የተናገረችው።

"እማ፣ ባትፈርሚ አልቀየምሽም። ግን አይተሽኝ አታውቂም። አንድ ቀን አይተሽኝ ከዚያ እምቢ በይ።"

ሹሩባዋ ጫፍ ላይ ቀይ ክር አሰርኩላትና "ጨርሻለሁ፣ ተነሽ" አልኳት።

ቀኑ ፍልሰታ ላይ ዋለ። ለእንግዶቹ ወሩ የዕረፍት ነው፤ ለኛ ዝናብና ጾም መሆኑን ማን ይንገራቸው። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲበተን እኔ ከግቢው ጥድ ሥር ቀረሁ። ጨዋታው ስምንት ሰዓት ላይ ነው፣ እስኪያልቅ እዚሁ እደበቃለሁ ብዬ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ዝናቡ ጀመረ፣ ነፋስ አስከትሎ። ደስ አለኝ። "አጥበህ ውሰደው" እያልኩ ጸለይኩ፣ ጨዋታውን ማለቴ ነው። አጠገቤ ሱባኤ የያዙ አንዲት መነኩሲት ተቀምጠዋል።

"ልጄ፣ ምን በድለሽ ነው እንዲህ የምትንበረከኪው?" አሉኝ።

"አልበደልኩም እማሆይ፣ ፈርቼ ነው።"

"እሱማ ሁላችንም ፈርተን ነው የመጣን" አሉና ዳዊታቸውን ቀጠሉ።

ዝናቡ አባርቶ አንድ ሰዓት ያህል እንደቆየ ጡሩምባው ተነፋ።

የኛን ጡሩምባ ነፊ ከሺህ እለየዋለሁ፤ መጨረሻው ላይ ትንፋሹ ይቆረጣል። አንድ ጊዜ ነፋ፣ አረፈ፣ ደገመው። ማን ሞተ? ጠዋት ስወጣ በሰፈራችን የተኛ ሕመምተኛ አልነበረም። ተነሣሁ። እማሆይም ተከትለውኝ ተነሡ። ቤቴ ቅርብ ነው፤ በጓሮ በኩል ስገባ የቆርቆሮዋ ክፍል በር ወለል ብሏል፣ ሰንሰለቱ ተንጠልጥሏል። ድንኳኑ የለም። ምሰሶዎቹ የሉም። ድስቶቹም የሉም።

ባለቤቴ ሳይነግረኝ ድንኳን አውጥቶ አያውቅም። ለኔ ሊነገር የማይችል ሞት ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ከጓሯችን አጥር ላይ ሆኖ ወደ ታች ሲያዩ ሜዳው ይታያል። አየሁ። ድንኳናችን ሜዳው ዳር ተተክሏል፣ ሰው ከቦታል።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። አንዱ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። "ወይኔ ልጄን! ወይኔ አንዷን!" እያልኩ ደረቴን እየደቃሁ በጉልቱ መሀል ሳልፍ ባልንጀሮቼ አዩኝ። የድንኳን ጠባቂው ሚስት በከንቱ አትጮህም፤ ሽንኩርታቸውን ጥለው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ተነሡ። እኛ አገር መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ማን እንደሞተ ኋላ ይጠየቃል። ሜዳው ስደርስ ከኋላዬ እማሆይን ጨምሮ አንድ መንደር የሚያህል ልቅሶ ተከትሎኛል።

በሜዳው ዙሪያ በተወጠረው ገመድ ሥር ሾልኬ ገባሁ። ሜዳው ጭቃ ነው፣ ልጆቹም ጭቃ ናቸው፣ የኛም የኬንያም አንድ ዓይነት ሆነዋል። መሀል ላይ ሦስት ሆነው ተከምረዋል። ከሥራቸው አንድ ሹሩባ ወጥቷል፤ ጫፉ ላይ ቀይ ክር።

"ልጄ!" ብዬ የጮህኩት ደብረ ኤልያስ ሳይሰማ አይቀርም።

የላይኛዋ ተነሣች። ሁለተኛዋ ተነሣች። ሦስተኛዋ እጇን ዘርግታ የሥረኛዋን አነሣቻት። የሥረኛዋ ኳሷን መሬት አስቀመጠች፣ በእግሯ ወደ ኋላ አንከባለለቻት፣ ልትሮጥ ስትል ቀና አለችና አየችኝ።

"እማ! ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?"

"አንቺ ነሻ!"

ዳኛዋ ፊሽካ ነፋች። ልጄ ቆማ ታየኛለች፣ እኔ ጭቃዋን እየጠረግሁ ፊቷን እዳስሳለሁ። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ነገሩ ስላልገባቸው ልቅሷቸውን አላቆሙም፤ እንዲያውም አንዷ ሙሾ ማውረድ ጀምራለች። የኬንያ ልጆች ደግሞ ጎን ለጎን ተሰልፈው ያጨበጭቡልናል! የእንግዳ አቀባበል ዘፈናችን መስሏቸው ነው።

ባለቤቴ ጭልፋ እንደያዘ ከድንኳኑ ሮጦ መጣ።

"አንቺ ሴት! ምን ጉድ ነው?"

"ድንኳኑን ማን አውጣ አለህ?"

"ነፋሱ የተከራየነውን ዳስ ገነጠለው። የተጎዳ የሚታይበት መጠለያ ከሌለ ጨዋታው አይጀመርም አሉ፣ ደንብ ነው። ምን ላድርግ? አንቺ ቤተ ክርስቲያን ነሽ።"

"ድስቶቹስ?"

"ለእንግዶቹ ሽሮ ልንሠራ።"

"ጡሩምባውስ? እሱንም ነፋስ ነፋው?"

ጡሩምባ ነፊው ጡሩምባውን ከጀርባው ደብቆ እንደ ጥፋተኛ ቆሟል። መምህሩ እየሮጠ መጣና "እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "በዚህ ጨዋታ አጋማሹ ሲያልቅ የሚነፋ ነገር አለ፤ ሌላው ጋ ማሽን ነው። እኛ ያለን እሳቸው ናቸው።"

"እንግዲያው ማንም አልሞተም?" አሉ እማሆይ።

"ማንም አልሞተም እማሆይ።"

"ታዲያ ምን አስሮጣችሁኝ?" አሉና ከድንኳኑ አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የቀሩትም ሴቶች ዓይናቸውን ጠርገው አጠገባቸው ተደረደሩ። ተነሥታ የሄደች አንዲትም የለች። እኔም በአንድ ጫማ ተቀመጥኩ። እንዲህ ሆኖ ነው ልጄን ሲጥሏት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት።

መጀመሪያ ላይ በጣቶቼ መሀል ነው ያየሁት። አንዷ ኳሷን ይዛ ትሮጣለች፣ ይይዟታል፣ ትወድቃለች። እኔ "ኡኡ" እላለሁ። ትነሣለች። በእጅ ማቀበል ወደ ፊት አይፈቀድም፣ ወደ ኋላ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከፊት ያለችው ሁልጊዜ ከኋላዋ ሰው መኖሩን ማመን አለባት። ቆጠርኩ፤ ስድስት ጊዜ ከተጣሉ ኳሷን ለሌሎቹ ይሰጣሉ፣ ተራ ነው፣ ማንም አይኮራረፍም። ከሁሉ የገረመኝ ግን የጣለችው ናት የወደቀችውን የምታነሣት። እጇን ትይዛለች፣ ትስባታለች፣ ከዚያ እንደገና ለመጣል ትዘጋጃለች።

የኬንያ አንዲት ልጅ ነበረች፣ ትከሻዋ የቤታችንን በር የሚሞላ። ኳስ ይዛ ስትመጣ የኛዎቹ እንደ ገለባ ይበተናሉ። እሷ መጣች። ልጄ ከፊቷ ቆማለች። "ዞር በይላት! ልጄ፣ ዞር በይላት!" አልኩ። ዞር አላለችም። ዝቅ ብላ፣ ጉንጯን በልጅቷ ጎን አስጠግታ፣ ሁለት እግሯን አቅፋ ያዘቻት። ያ ሁሉ ትከሻ እንደ ባሕር ዛፍ ተገነደሰ። ጭቃው እኛ ድረስ ተረጨ።

እኔ ቆሜያለሁ። መቼ እንደቆምኩ አላውቅም። እልል ስል ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ።

"የማን ልጅ ናት?" አሉ እማሆይ።

"የኔ!" አልኩ። "የኔ ናት፣ የኔ!"

"ታዲያ ምን አስፈራሽ? መፍራት የነበረባት ያቺኛይቱ ናት።"

ተሸነፍን። እውነቱን መናገር ይሻላል፣ በሰፊው ተሸነፍን። ጡሩምባው ለመጨረሻ ጊዜ ሲነፋ ግን ያ ሁሉ ሴት በሳቅ ነው የፈነዳው። ልጆቹ ድንኳኑ ውስጥ ሽሮውን ከበው፣ አንዷ ሌላዋን እያጎረሰች በሉ፤ ማን ከየት እንደመጣ ጭቃው ሲታጠብ ነው የታወቀው። ትከሻማዋ ልጅ መጥታ አቀፈችኝ፣ ነጠላዬን አበላሸችው። የሆነ ነገር ጠየቀችኝና ልጄ እየሳቀች አስተረጎመችልኝ።

"ያ ዘፈን በጣም ነው ደስ ያለን ትላለች። ናይሮቢ ስትመጡም ዝፈኑልን ትላለች።"

"ንገሪያት፣ እሱ ዘፈን በየቀኑ አይዘፈንም" አልኩ።

ከዚያ የማኅበሩ ሴት መጣች፣ የዝናብ ካፖርት የለበሰች፣ ማህደሯን በፌስታል ጠቅልላ የያዘች። "እናቷ እርስዎ ነዎት?" አለችኝ። ልጄ ዞር ብላ ወደ ድስቱ የምታይ መሰለች፤ ጆሮዋ ግን እኔ ጋ ነበር፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታዳምጥ አንገቷ ይሰበራል።

"ወረቀቱ ሣጥን ውስጥ ነው" አልኩ።

ባለቤቴ ሳል ሳል አለው፣ እጁን ኪሱ ከተተና ወረቀቱን አወጣ።

"ሣጥኔን ከፍተህ?"

"ድንኳኑን ሳወጣ እግረ መንገዴን …"

ሰው ፊት ሆነና ነው እንጂ ጭልፋውን ነጥቄ አናቱን ባልኩት ነበር። እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። አልፈራሁም ብል ውሸት ነው፤ ናይሮቢ ድንኳኔ የለም፣ ከክምሩ ሥር ሹሩባዋን የምለየው እኔ የለሁም። ግን ስትወድቅ ማን እንደሚያነሣት አሁን አይቻለሁ።

"አንድ ነገር አለኝ" አልኳት ሴትየዋን። "ደንብ ትጽፋላችሁ አይደል? ይኼንን ጻፉ፦ ድንኳን ከመውጣቱና ጡሩምባ ከመነፋቱ በፊት ለእናቶች ይነገር።"

ሳቀች። ግን ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ስሜን በፊደል፣ አንድ በአንድ፣ ከመስመሩ እየወጣሁ ጻፍኩ። ጭቃ የነካው አውራ ጣቴም ሳላስበው አጠገቡ ታተመ። ልጄ መጣችና ጭቃ የቋጠረውን ባዶ እግሬን በሁለት እጇ ያዘችው፣ ከዚያ የጠፋውን ጫማዬን ልትፈልግ ሮጣ ወጣች።

ናይሮቢ ሄደች፣ መጣች። አንድ ጣቷ አብጦ፣ ወሬዋ አንድ ወር ሙሉ ሳያልቅ። አገራችን ማዕረጓ ገና ዝቅተኛ ነው ይላል መምህሩ፤ መንገዱ በሚዘጋባቸው ወራት እንግዳ አይመጣም፣ ልጆቹ እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ። ግን አንድ ዓመትም አላቋረጡም። ልጄ አሁን እየተጫወተች ከሷ በታች ያሉትንም ታሠለጥናለች።

ድንኳኑ ለጨዋታ ሲወጣ የማወጣው እኔ ራሴ ነኝ። እድሩ ተሰብስቦ ወስኗል፤ ለጨዋታ ከሆነ ምሰሶው ጫፍ ላይ ቢጫ ሻሼን አስራለሁ፣ ሰፈሩ አይቶ ያውቃል። ባለፈው ሰሞን ታዲያ ከይጁቤ ለገበያ የመጡ አንዲት አሮጊት የሻሹን ነገር አልሰሙም ኖሮ፣ ድንኳኑን ከመንገድ አይተው እያለቀሱ ደረሱ። አጠገቤ አስቀመጥኳቸው።

"ማን ነው የሞተው ልጄ?" አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ።

"ይቀመጡ እማማ" አልኳቸው። "ያቺ ከሥር ያለችው የኔ ናት። አሁን ትነሣለች።"